በሊኑክስ ላይ ፕሮግራምን ራስ ኮምፓይል ማድረግና ፓኬጅ መጫን፦ ልዩነቱ ያለው የት ነው?

ሊኑክስን መጠቀም የጀመረ ሰው ብዙ ሳይቆይ ሁለት ዓይነት መመሪያ ያጋጥመዋል። አንደኛው በተርሚናል ላይ አንዲት መስመር ጽፎ፣ የይለፍ ቃሉን ሰጥቶ፣ ፕሮግራሙን ወዲያው ተጭኖ እንደሚያገኘው የሚነግረው ነው። ሁለተኛው ደግሞ የታመቀ ምንጭ ኮድ አውርዶ እንዲፈታ፣ ወደ ፎልደሩ ገብቶ «ኮንፊገር»፣ ቀጥሎ «ሜክ»፣ በመጨረሻም «ሜክ ኢንስቶል» የሚሉትን ትእዛዞች በተራ እንዲሰጥ የሚያዝዘው ነው። ብዙዎች የመጀመሪያውን የጀማሪ፣ ሁለተኛውን የባለሙያ መንገድ አድርገው ይቆጥሩታል፤ ከምንጭ ኮድ የተሠራ ፕሮግራም ይበልጥ ፈጣን፣ ይበልጥ አዲስና ይበልጥ የሚታመን ነው ሲባልም ይሰማል። ይህ አመዳደብ ዋናውን ነገር ይሸፍነዋል ብዬ አምናለሁ። በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት በተጫነበት ቀን አይታይም፤ ከስድስት ወር ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያ ፕሮግራም ላይ የደኅንነት ቀዳዳ ተገኘ ሲባልና ቀዳዳውን የመድፈን ኃላፊነት የማን እንደሆነ ሲጠየቅ ነው የሚታየው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ኮምፓይል ማድረግ ምን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ፕሮግራመሮች የሚጽፉት ምንጭ ኮድ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ነው፤ በሲ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ፣ በረስት ወይም በሌላ ቋንቋ ሊጻፍ ይችላል። ፕሮሰሰሩ ግን ይህን ጽሑፍ አያውቀውም፤ እሱ የሚፈጽመው በቁጥር የተቀመጡ የራሱን ጥቃቅን መመሪያዎች ብቻ ነው። ጽሑፉን ወደ እነዚህ መመሪያዎች የሚለውጠው ፕሮግራም ኮምፓይለር ሲባል፣ በሊኑክስ ዓለም በብዛት የሚሠራበት ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1987 ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው ጂሲሲ ነው። አንድ መካከለኛ ፕሮግራም በመቶ የሚቆጠሩ ፋይሎች ሊኖሩት ስለሚችል፣ ኮምፓይለሩ እያንዳንዱን ለየብቻ ከለወጠ በኋላ ሊንከር የሚባለው መሣሪያ ቁርጥራጮቹን አገጣጥሞ አንድ የሚሠራ ፋይል ያደርጋቸዋል። የትኛው ከየትኛው በፊት መለወጥ እንዳለበት የሚከታተለው ደግሞ ስቱዋርት ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1976 በቤል ላብስ የጻፈው «ሜክ» ነው፤ የፋይሎቹን ሰዓት እያነጻጸረ የተለወጠውን ብቻ እንደገና ይሠራል፣ ያልተነካውን ያልፈዋል።

ፓኬጅ፣ ማለትም ለመጫን ተሰናድቶ የታሸገ ፕሮግራም፣ ስንጭንም ይኸው ሥራ ተሠርቷል፤ የሠራው ግን ሌላ ሰው ነው፣ በሌላ ማሽን ላይ፣ ከእኛ ቀድሞ። ስለዚህ «ኮምፓይል ላድርግ ወይስ ፓኬጅ ልጫን» የሚለው ጥያቄ በትክክል ሲነበብ «ኮምፓይል የሚያደርግልኝ ሰው ይኑር ወይስ እኔው ልሥራው» ማለት ነው። ሊኑክስን ከፕሮግራሞች ጋር አሰናድተው ከሚያቀርቡት «ስርጭቶች» መካከል የዴቢያንና የኡቡንቱ ፓኬጅ የሆነውን የደብ ፋይል ከፍተን ብንመለከት በውስጡ ሁለት የታመቁ ክፍሎች እናገኛለን። በአንደኛው ፕሮግራሙ ራሱ፣ የእገዛ ጽሑፎቹና የማስተካከያ ፋይሎቹ አሉ። በሁለተኛው የፓኬጁ ስም፣ የቨርዥን ቁጥሩ፣ እንዲሠራ የሚያስፈልጉት ሌሎች ፓኬጆች ዝርዝር፣ እንዲሁም ከመጫኑ በፊትና በኋላ የሚሠሩ አጫጭር ስክሪፕቶች ተቀምጠዋል። ብዙ ተጠቃሚ ልብ የማይለው፣ ግን የፓኬጅ ዋና ጥቅም የተመሠረተው በዚህ በሁለተኛው ክፍል ላይ ነው። «ዲፒኬጂ» የሚባለው መሣሪያ የዘረጋውን እያንዳንዱን ፋይል በዳታቤዙ ስለሚመዘግብ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ማንኛውንም ፋይል አንስተን «ይህ የማን ነው?» ብንለው የፓኬጁን ስም ይነግረናል። «አጥፋው» ስንለውም የትኛውን ማንሳት፣ የትኛውን መተው እንዳለበት ያውቃል። ፌዶራና ሬድ ሃት በሚጠቀሙበት የአርፒኤም ፓኬጅም አሠራሩ በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው።

ከፓኬጁ ጀርባ ደግሞ ሰዎች አሉ። ኢያን መርዶክ እ.ኤ.አ. በ1993 የመሠረተው ዴቢያን፣ በሰኔ 2023 ባወጣው 12ኛ እትሙ ከ64,000 በላይ ፓኬጆች ነበሩት። እያንዳንዱ ፓኬጅ ሜንቴነር የሚባል ጠባቂ ወይም የጠባቂዎች ቡድን አለው፤ ሥራቸውም ከፕሮግራሙ ደራሲዎች የሚመጣውን ምንጭ ኮድ መቀበል፣ ከሌላው ሥርዓት ጋር እንዲስማማ ማስተካከል፣ የተጠቃሚዎችን አቤቱታ መስማትና የደኅንነት ማስተካከያዎችን ማስገባት ነው። ፓኬጁ ወደ እኛ ሲመጣም ሰንሰለት የያዘ ማረጋገጫ አብሮት ይመጣል። ስርጭቱ በዲጂታል ቁልፍ የፈረመበት አንድ ፋይል የማውጫዎቹን አሻራ ይይዛል፤ ማውጫዎቹ የእያንዳንዱን ፓኬጅ አሻራ ይይዛሉ፤ ስለዚህ በመንገድ ላይ አንዲት ፊደል የተለወጠበት ፓኬጅ፣ ፓኬጆችን አውርዶ የሚጭነው «አፕት» ሊቀበለው ፈቃደኛ አይሆንም።

በፓኬጆች ላይ ዘወትር የሚነሳው ቅሬታ «ቨርዥኑ አሮጌ ነው» የሚል ነው። ቅሬታው አንዳንድ ጊዜ ትክክል ቢሆንም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው የቁጥሩን ትርጉም ካለማወቅ ነው። እንደ ዴቢያን ያሉ ስርጭቶች አንድን እትም ካወጡ በኋላ የፕሮግራሞቹን ቨርዥን ሆን ብለው ያቆሙታል፤ ችግር ሲገኝ አዲሱን ቨርዥን ከማምጣት ይልቅ ችግሩን የሚፈታውን ቁራጭ ኮድ ብቻ ወስደው በነባሩ ላይ ይሰፉታል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ይፋ የሆነው፣ የኔትወርክ ግንኙነትን በምስጢር የሚቆልፈው የኦፐንኤስኤስኤል ሶፍትዌር ቀዳዳ የሆነው ሃርትብሊድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቀዳዳው ከ1.0.1 እስከ 1.0.1ኤፍ ባሉት ቨርዥኖች ላይ የነበረ ሲሆን፣ ደራሲዎቹ የዘጉት በ1.0.1ጂ ነው። በዴቢያን 7 ላይ የነበረው ፓኬጅ ግን ከማስተካከያው በኋላም 1.0.1ኢ ተብሎ ቀጠለ፤ የተለወጠው ከስሙ ጀርባ ያለው የዴቢያን የራሱ ቁጥር ብቻ ነበር። የፊተኛውን ቁጥር ብቻ አይቶ «ይህ ማሽን አደጋ ላይ ነው፣ አዲሱን ራሴ ኮምፓይል ላድርገው» ብሎ የተነሳ አስተዳዳሪ ቀድሞ የተዘጋውን ቀዳዳ ለመዝጋት ሲል ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚመጣውን ማስተካከያ ሁሉ በራሱ ላይ ጫነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው መንገድ እንግባ። የምንጭ ኮዱን አውርደን ፈታነው፤ «ኮንፊገር» የሚለውን ስክሪፕት አስነሳነው። ስክሪፕቱ ማሽኑን እየዞረ መጠየቅ ይጀምራል፦ ኮምፓይለር አለ ወይ፣ ይሠራል ወይ፣ ይህ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የተዘጋጀ ኮድ) አለ ወይ፣ ያኛውስ። መልሶቹ በስክሪኑ ላይ መስመር በመስመር ይወርዳሉ፤ ከዚያ በድንገት ይቆምና ዚሊብ የተባለው የማመቂያ ላይብረሪ አልተገኘም ይላል። ተጠቃሚው ይገረማል፤ ዚሊብማ በማሽኑ ላይ መኖሩን ያውቃል፣ በርካታ ፕሮግራሞች በየቀኑ ይጠቀሙበታል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ላይብረሪ ሁለት ገጽታ አለው፤ አንደኛው ፕሮግራሞች በሚሠሩበት ጊዜ የሚጠሩት የተለወጠው ኮድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ኮምፓይለሩ «በዚህ ላይብረሪ ውስጥ ምን ምን ተግባራት አሉ፣ እንዴትስ ይጠራሉ» ብሎ የሚያነብባቸው ሄደር ፋይሎች ናቸው። ፕሮግራምን ለመጠቀም ሄደር ስለማያስፈልግ፣ ስርጭቶች ለይተው በሌላ ፓኬጅ ያስቀምጡታል፤ በዴቢያንና በኡቡንቱ ስሙ «ዴቭ» በሚል ቃል ያልቃል፣ በፌዶራ ደግሞ «ዴቨል» በሚል። የዚሊብን ዴቭ ፓኬጅ ጭነን «ኮንፊገርን» እንደገና ስናስነሳ ከቆመበት ያልፍና በሚቀጥለው ላይ ይቆማል። ፕሮግራሙ ቀድሞ በስርጭቱ ውስጥ በሌላ ቨርዥን ካለ፣ «አፕት ቢልድ-ዴፕ» የሚለው ትእዛዝ ለመገንባት የሚያስፈልጉትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያመጣቸዋል፤ ለዚህ ግን የምንጭ ፓኬጆች መገኛ በአፕት ማስተካከያ ውስጥ ክፍት መሆን አለበት። ይህን ትእዛዝ ባለማወቅ ግማሽ ቀን ያባከኑ ሰዎችን ስለማውቅ ነው በተለይ የማነሳው።

«ሜክ» ሲጀምር የማሽኑ ድምፅ ይለወጣል፤ ፕሮሰሰሩ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል። «ጄ» የሚለውን አማራጭ ከቁጥር ጋር ብንሰጠው ሥራውን ለብዙ የፕሮሰሰር ኮሮች ያከፋፍለዋል፤ ሆኖም እያንዳንዱ ኮምፓይለር የራሱን ሜሞሪ ስለሚፈልግ፣ ራም ባነሰው ማሽን ላይ ቁጥሩን ማብዛት ሥራውን ከማፋጠን ይልቅ ያደናቅፈዋል። ትናንሽ ፕሮግራሞች በሰከንዶች ያልቃሉ፤ እንደ ክሮሚየም ብራውዘርና እንደ ሊብረኦፊስ ያሉ ግዙፎች ግን በተራ ላፕቶፕ ላይ ሰዓታት ይፈጃሉ። እስከዚህ ድረስ የተሠራው ሁሉ በአንድ ፎልደር ውስጥ ነው፤ ሐሳባችንን ብንለውጥ ፎልደሩን አጥፍተን መተው እንችላለን። የአስተዳዳሪ ሥልጣንም እስካሁን አላስፈለገም፣ ሊያስፈልግም አይገባም፤ «ኮንፊገርንና» «ሜክን» በሩት ሥልጣን ማስነሳት በማላውቀው ሰው የተጻፈ ስክሪፕት በማሽኔ ላይ ያሻውን እንዲያደርግ መፍቀድ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው «ሜክ ኢንስቶል» ነው፤ ጥንቃቄ የሚጠይቀውም ይህ ነው። ትእዛዙ የተገነቡትን ፋይሎች ወደየቦታቸው ይገለብጣል፤ የሚሠራውን ፋይል ወደ አንዱ ፎልደር፣ ላይብረሪዎቹን ወደ ሌላው፣ የእገዛ ጽሑፎቹን ወደ ሦስተኛው። ገልብጦ ሲጨርስ ሥራው አበቃ፤ ምን የት እንዳስቀመጠ በፓኬጅ ዳታቤዙ ውስጥ አይመዘገብም። አንዳንድ ፕሮጀክቶች «ሜክ አንኢንስቶል» የሚል መመለሻ ያዘጋጃሉ፤ ነገር ግን የሚሠራው የገነባንበትን ፎልደር ከነማስተካከያው ካስቀመጥን ነው፣ በርካታ ፕሮጀክቶችም ጭራሽ የላቸውም። ስለ ቦታው የተወሰነ ደንብ አለ፤ የፋይል አቀማመጥን የሚደነግገው ስታንዳርድ «ዩኤስአር ሎካል» የተባለውን ፎልደር ለማሽኑ አስተዳዳሪ ብቻ ስለለየው፣ የስርጭቱ ፓኬጆች ፋይላቸውን እዚያ አያስቀምጡም፣ ያለውንም አይደመስሱም። «ኮንፊገርም» ካልተነገረው በስተቀር መድረሻው አድርጎ የሚወስደው ይህንኑ ነው። ቦታውን ወደ «ዩኤስአር» ለውጦ የፓኬጆቹን ፋይሎች በላያቸው መጻፍ ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ ዳታቤዙ አንድ ነገር ያውቃል፣ በዲስኩ ላይ ሌላ ነገር ይገኛል፣ በሚቀጥለው አፕዴትም የገነባነው ይጠፋል ወይም ሌሎች ፕሮግራሞች ይበላሻሉ።

በትክክለኛው ቦታ መጫንም ቢሆን ከጣጣ አያድንም። ከዓመታት በፊት በኃላፊነቴ ሥር በነበረ አንድ ሰርቨር ላይ፣ በፓኬጁ ያልተካተተ አንድ ሞጁል ስለፈለግሁ የዌብ ሰርቨር ፕሮግራሙን ራሴ ኮምፓይል አድርጌ ነበር። ሥራው ተሳካ፤ እኔም ወደ ሌላ ጉዳይ አለፍሁ። ሁለት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ በዚያ ፕሮግራም ላይ የደኅንነት ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ፓኬጆቹን ሁሉ አፕዴት አደረግሁ፤ ሥርዓቱ ሁሉም ነገር የመጨረሻው ቨርዥን ላይ ነው አለኝ፤ አመንሁትና ተውሁት። ከሳምንታት በኋላ በሌላ ምክንያት የፕሮግራምን አድራሻ የሚያሳየውን «ዊች» የሚለውን ትእዛዝ ስሰጥ ነው የሚሠራው ፕሮግራም በ«ዩኤስአር ሎካል» ውስጥ የተቀመጠው የእኔው አሮጌ ፋይል መሆኑን ያየሁት። በተርሚናል ላይ የምንጽፈውን የሚቀበለው ሼል ትእዛዞችን የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር «ፓዝ» ይባላል፤ በአብዛኞቹ ስርጭቶች «ዩኤስአር ሎካል» በዚህ ዝርዝር ላይ ከፓኬጆቹ ቦታ ይቀድማል። የማስነሻ ፋይሉንም ያኔ ራሴ ወደዚያው አመልክቼው ነበር። በማሽኑ ላይ የደረሰ ጉዳት አላገኘሁም፤ ቀዳዳው ግን ለእነዚያ ሳምንታት ሁሉ ክፍት ነበር። ፓኬጅ ማኔጀሩ አልዋሸም፤ ስለሚያውቀው ነገር ተጠየቀ፣ ስለሚያውቀው ነገር መለሰ። የማያውቀውን ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ሌላው ችግር ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ወደ አዲስ እትም ሲሻገር ይመጣል። ኡቡንቱ 20.04 የያዘው የኦፐንኤስኤስኤል 1.1.1 ላይብረሪ ሲሆን 22.04 ወደ 3.0 ተሻግሯል፤ የቀድሞውም ላይብረሪ ከዋናው ማከማቻ ወጥቷል። የስርጭቱ ፓኬጆች ሁሉ በአዲሱ ላይብረሪ ላይ እንደገና ተገንብተው ስለመጡ ተጠቃሚው ለውጡን አላስተዋለም። በአሮጌው ላይ በእጅ የተገነባ ፕሮግራም ግን ከሽግግሩ ማግሥት ሲጠራ የሚፈልገው ላይብረሪ እንዳልተገኘ ተናግሮ ይቆማል፤ የሠራው ሰው ቆሞ እንደገና እስኪገነባው ድረስም አይነሳም።

ስለ ፍጥነት የሚባለውን እንመልከት። ለኢንቴልና ለኤኤምዲ ባለ64 ቢት ፕሮሰሰሮች የሚሰናዱ ፓኬጆች ለረጅም ጊዜ የተገነቡት እ.ኤ.አ. በ2003 ለወጡት የመጀመሪያዎቹ ፕሮሰሰሮች ጭምር እንዲስማሙ ሆነው ነው፤ ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የተጨመሩ መመሪያዎችን በነባሪነት አይጠቀሙም። ራሱ ኮምፓይል የሚያደርግ ሰው ኮምፓይለሩን «ለዚህ ማሽን ብቻ ሥራ» ብሎ ሊያዝዘው ይችላል፤ ብዙ የቁጥር ስሌት በሚሠሩ ፕሮግራሞች ላይም በእርግጥ የሚለካ ጥቅም ሊያገኝበት ይችላል። ነገር ግን ፍጥነት እጅግ የሚያስፈልጋቸው ላይብረሪዎች፣ ለምሳሌ የሲ መሠረታዊ ላይብረሪ የሆነው ግሊብሲና የቪዲዮ ፕሮግራሞች፣ ሥራ ሲጀምሩ የፕሮሰሰሩን ዓይነት ጠይቀው ለእሱ የሚስማማውን ኮድ የሚመርጡ ናቸው፤ ተራው ፓኬጅም ይህን ጥቅም ይሰጣል። ጊዜውን ዲስክ፣ ኔትወርክ ወይም የሰው ጣት በመጠበቅ የሚያሳልፍ ፕሮግራም ደግሞ በኮምፓይለር አማራጭ አይፈጥንም። በዚህ ላይ ለአዲስ ፕሮሰሰር ብቻ የተገነባ ፋይል ወደ አሮጌ ማሽን ቢወሰድ የማይታወቅ መመሪያ አገኘሁ ብሎ ይሞታል። ስለዚህ ፍጥነትን ምክንያት የሚያደርግ ሰው በፊትና በኋላ ለክቶ ሊያሳይ ይገባል እላለሁ። ሁሉንም ነገር በተጠቃሚው ማሽን ላይ ኮምፓይል በማድረግ የሚታወቀው ጄንቱ እንኳ በታኅሣሥ 2023 የተዘጋጁ ፓኬጆችን በይፋ ማቅረብ ጀምሯል። የጄንቱ እውነተኛ ጥንካሬ ሁልጊዜም ምርጫ ላይ ነበር፤ ተጠቃሚው የማይፈልገውን ክፍል ገና ከግንባታው እንዲያስቀር ያስችለዋል።

ከፍጥነት ይልቅ ጠለቅ ያለው የመታመን ጥያቄ ነው። «ሌላ ሰው የገነባውን አላምንም፣ ምንጩን ራሴ እገነባለሁ» የሚል ሰው የያዘው ስጋት ተገቢ ነው፤ ሆኖም መገንባት ማንበብ አይደለም። በመጋቢት 2024 የተጋለጠው የኤክስዜድ ጉዳይ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ኤክስዜድ የማመቂያ ፕሮግራም ነው፤ በ5.6.0 እና በ5.6.1 ቨርዥኖቹ ውስጥ አንድ ሰው ማሽንን ከሩቅ ለማዘዝ በሚያገለግለው በኤስኤስኤች በኩል ወደ ማሽኖች የሚያስገባ ስውር በር ደብቆበት ነበር። የተንኮሉ ክፍል ለሙከራ በተቀመጡ የታመቁ ፋይሎች መካከል ተሸሽጎ ነበር፤ በግንባታ ጊዜ እሱን የሚቀሰቅሰው መስመር ግን የኮዱ ለውጦች በሚመዘገቡበት በጊት ማከማቻው ውስጥ አልነበረም፣ ለማውረድ በተዘጋጀው የታመቀ ፋይል ውስጥ ብቻ ነበር። ኮዱን በማከማቻው ያነበበ ሰው ቀስቃሹን አያገኘውም፤ የታመቀውን አውርዶ የገነባ ሰው ደግሞ አያነበውም። ጉዳዩን ያጋለጠው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ኢንጂነር ነው፤ የኤስኤስኤች መግቢያ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አሳስቦት ምክንያቱን እስከ ሥሩ ተከታትሎ አገኘው። የረጉት የስርጭት እትሞች በአብዛኛው ከአደጋው የተረፉት ብዙዎች በሚያማርሩበት በዚያው ነገር፣ አዲስ ቨርዥን ቶሎ ባለማስገባታቸው ነው።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ግን ተቃራኒውን ታሪክም መናገር ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በዴቢያን የኦፐንኤስኤስኤል ፓኬጅ ላይ አንድ ማስተካከያ ተደረገ፤ የሜሞሪ መመርመሪያ መሣሪያ ያማረረበትን መስመር ለማስወገድ ታስቦ የተደረገው ለውጥ ለምስጢር ቁልፎች የሚያስፈልገውን ዘፈቀደ ቁጥር ሊያደርቀው ተቃርቧል። ስሕተቱ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 ይፋ እስኪሆን ድረስ በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ የተፈጠሩ ቁልፎች ለአንድ ዓይነትና መጠን ከ33,000 ከማይበልጡ አማራጮች አንዱ ብቻ ነበሩ፤ ይህ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ተሞክሮ የሚያልቅ ነው። በእነዚያ ዓመታት ኦፐንኤስኤስኤልን ከደራሲዎቹ ምንጭ ኮድ የገነባ ሰው ይህ ችግር አልነካውም። የፓኬጅ ጠባቂ የሚጨምረው እጅ አብዛኛውን ጊዜ ይጠቅማል፣ ያም ሆኖ የሰው እጅ ነው።

ሁለቱን ወገኖች የሚያገናኝ፣ እኔም በጉጉት የምከታተለው ሥራ አለ። ዴቢያን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ሌሎችም ፕሮጀክቶች ተቀላቅለውት፣ ከአንድ ምንጭ ኮድ የሚገነባ ፓኬጅ ማንም ሰው የትም ቢገነባው ቢት በቢት አንድ ዓይነት ውጤት እንዲሰጥ ለማድረግ እየሠራ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ፕሮግራሞች የተገነቡበትን ሰዓት ወይም የፎልደር ስም በውስጣቸው ስለሚጽፉ፣ ያው ሰው ያንኑ ኮድ ሁለት ጊዜ ቢገነባ ውጤቱ ይለያያል። ይህ ሲስተካከል ኮምፓይል የሚያደርግ ሰው ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ምስክር ይሆናል፤ የእሱ ውጤት ከተሰራጨው ፓኬጅ ጋር ካልገጠመ አንዱ ቦታ ላይ ሊመረመር የሚገባው ነገር አለ።

እንግዲህ ራስ ኮምፓይል ማድረግ ተገቢ የሚሆነው መቼ ነው? ፕሮግራሙ በስርጭቱ ውስጥ ጨርሶ ከሌለ፣ ወይም ጠባቂዎቹ ያጠፉት አንድ ክፍል የግድ ካስፈለገ፣ ወይም የሚያስቸግረንን ስሕተት የሚያስተካክል ኮድ ተጽፎ ገና ካልወጣ ተገቢ ነው። ፈቃድም ምክንያት ይሆናል፤ ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው የቪዲዮ ፕሮግራም ፈቃዳቸው ከእሱ ጋር ከማይስማማ አንዳንድ ላይብረሪዎች ጋር ሲገነባ ውጤቱን ለሌላ ማስተላለፍ አይፈቀድም፣ ለራስ ገንብቶ መጠቀም ግን ይቻላል፤ ስለዚህ ማንም ፓኬጅ ሊያደርግልን አይችልም። መማርም በቂ ምክንያት ነው። ጄራርድ ቢክማንስ የጀመረው ሊኑክስ ፍሮም ስክራች ሙሉ ሥርዓትን ከኮምፓይለሩ ጀምሮ በእጅ የሚያስገነባ መመሪያ ነው፤ እሱን የጨረሰ ሰው ስለ ሊኑክስ ያለው ዕውቀት ይለወጣል። አዲስ ቨርዥን ብቻ የሚፈልግ ሰው ግን አስቀድሞ ለረጋው እትም አዲስ ቨርዥኖችን የሚያቀርበውን የዴቢያንን ባክፖርትስ ማከማቻ፣ ደራሲዎቹ ራሳቸው የሚያዘጋጁትን ማከማቻ ወይም በተለያዩ ስርጭቶች ላይ የሚሠሩ ፓኬጆችን የሚጭነውን ፍላትፓክን ቢመለከት የሚፈልገውን ያለ ድካም ሊያገኝ ይችላል።

ኮምፓይል ማድረጉ የግድ ከሆነ፣ ውጤቱን ፓኬጅ አድርጎ መጫን ከሁሉ የተሻለ ነው። የአርች ሊኑክስ ተጠቃሚዎች ይህን ልማድ አድርገውታል፤ ፒኬጂቢልድ የሚባል አጭር የአገነባብ ጽሑፍ ይወስዳሉ፣ ያነቡታል፣ በማሽናቸው ላይ ይገነቡታል፣ ውጤቱ ግን የአርች ፓኬጅ ማኔጀር በሆነው በፓክማን ዳታቤዝ የተመዘገበ መደበኛ ፓኬጅ ነው። በዴቢያንም «አፕት ሶርስ» የፓኬጁን ምንጭ ከነማስተካከያው ስለሚያወርድ፣ የሚፈለገውን አማራጭ ለውጦ፣ በቨርዥን ቁጥሩ መጨረሻ ላይ የራስን ምልክት ጨምሮ እንደገና መገንባት ይቻላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠራ ሰዓታት ይፈጃል፤ ለሁለተኛው ግን ደቂቃዎች ይበቁታል። ይህ ከበዛ፣ ቢያንስ መድረሻውን በ«ኦፒቲ» ሥር የፕሮግራሙን ስምና ቨርዥን የያዘ የራሱ ፎልደር ማድረግ ያስፈልጋል፤ ያኔ ማጥፋት ማለት አንድ ፎልደር ማንሳት ብቻ ይሆናል። «ኮንፊገር» የተጠራበት ሙሉ መስመር፣ የምንጩ ቨርዥንና ምክንያቱ በአንድ ፋይል ውስጥ ይጻፉ፤ የፕሮጀክቱ የደኅንነት ማስታወቂያ የሚደርሰን ስለመሆኑም እርግጠኛ እንሁን፣ ከአሁን በኋላ ጠባቂው እኛ ነንና።

ይህን ያነበበ ሰው ዛሬውኑ በማሽኑ ላይ «ዩኤስአር ሎካል» ውስጥ ያለውን «ቢን» የተባለ ፎልደር ከፍቶ ቢመለከት መልካም ነው። በእያንዳንዱ ፋይል ላይ ማን እንዳስቀመጠው፣ የትኛው ቨርዥን እንደሆነና ዛሬ በስርጭቱ ውስጥ የተሻለ ፓኬጅ መኖር አለመኖሩን ይጠይቅ። ፓኬጁ ካለ አሮጌውን ፋይል አንስቶ ፓኬጁን ይጫን፤ ከዚያም ባሽ የተባለው ሼል የትእዛዞችን አድራሻ ስለሚያስታውስና በተከፈተው ተርሚናል ላይ የጠፋውን ፋይል መፈለጉን ሊቀጥል ስለሚችል፣ «ሀሽ» የሚለውን ትእዛዝ ከ«አር» አማራጭ ጋር ሰጥቶ ትውስታውን ያጥፋና «ዊች» ብሎ አዲሱን አድራሻ ያረጋግጥ።